ማሽኑ ሰውን የሚጠብቅበት ስክሪን፦ ስለ ሜይንፍሬም ተርሚናልና ኮንሶል

ባንኮችና ትልልቅ ድርጅቶች የሚጠቀሙባቸው ግዙፍ ኮምፒውተሮች፣ ማለትም የአይቢኤም ሜይንፍሬሞች፣ ዋና ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሆነው ኤምቪኤስ (ዛሬ ዜድ/ኦኤስ በሚል ስም የሚታወቀው) ሲነሣ ከሚፈጽማቸው የመጀመሪያ ተግባራት አንዱ የሚያናግረውን ሰው መፈለግ ነው። ኮንሶል፣ ማለትም ኦፕሬተሩ ሲስተሙን የሚቆጣጠርበት መሣሪያ፣ ተብለው የተመዘገቡለትን አንድ በአንድ ይሞክራል፤ አንዳቸውም ካልመለሱለት ሥራውን አይቀጥልም። 007 የሚል የጥበቃ ኮድ በፕሮሰሰሩ ላይ አስቀምጦ ባለበት ይቆማል። በአንጻሩ አንድም ተርሚናል፣ ማለትም ተራ ተጠቃሚ አገልግሎት የሚያገኝበት ስክሪንና ኪቦርድ፣ ያልተገናኘበት ሲስተም ያለ ምንም ቅሬታ ተነሥቶ ሌሊቱን ሙሉ ደመወዝ ሲያሰላ፣ የባንክ ሒሳብ ሲዘጋ፣ ሪፖርት ሲያትም ሊያድር ይችላል። ተርሚናል ለሲስተሙ እንደ ደንበኛ ነው፤ ቢመጣ ያስተናግደዋል፣ ባይመጣም ሥራው አይጓደልበትም። ኮንሶል ግን ለሲስተሙ የህልውና ጉዳይ ነው።

ይህን ልዩነት ማስረዳት የሚያስፈልገው በዘመናችን የግል ኮምፒውተር ተጠቃሚ ዘንድ ሁለቱ ቃላት ተደበላልቀው ስለሚነገሩ ነው። በላፕቶፕ ላይ የሚከፈተውን ጥቁር መስኮት አንዱ ተርሚናል፣ ሌላው ኮንሶል ይለዋል፤ በዚያ ዓለም ይህ ብዙም ጉዳት የለውም። ሜይንፍሬም ላይ ግን ሁለቱን ያደባለቀ ሰው የሲስተሙን አሠራር ከሥር መሠረቱ ሊረዳው አይችልም። እኔ አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ ዳታ ሴንተር በኦፕሬተርነት በሠራሁበት ጊዜ ሁለቱን መሣሪያዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ አይቻቸዋለሁ። ስክሪኑ ያው፣ ኪቦርዱ ያው፣ አረንጓዴው ጽሑፍ ያው ነበር። መሣሪያውን በማየት ብቻ የትኛው ተርሚናል፣ የትኛው ኮንሶል እንደሆነ መለየት አይቻልም፤ ልዩነቱ ከኬብሉ ማዶ ማን እንዳለና ስለምን ጉዳይ እንደሚናገር በማወቅ የሚገኝ ነው።

መጀመሪያ ላይ ግን በዓይንም የሚለዩ ነገሮች ነበሩ። አይቢኤም እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 7 ቀን 1964 ሲስተም/360ን ለዓለም ሲያስተዋውቅ የኮምፒውተሩ ፊት ለፊት በትንንሽ መብራቶችና በማብሪያ ማጥፊያዎች የተሞላ ነበር። በዚያ ሰሌዳ ላይ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ከየትኛው መሣሪያ እንደሚጫን የሚመረጥባቸው ሦስት የሚሽከረከሩ ቁልፎች፣ መጫኑን የሚያስጀምር ቁልፍ፣ እንዲሁም ለአደጋ ጊዜ ኃይል ለማቋረጥ የሚሳብ እጀታ ይገኙበት ነበር። ከሰሌዳው አጠገብ ደግሞ 1052 የሚባለው የጽሕፈት መኪና የመሰለ መሣሪያ ይቀመጥ ነበር፤ ሲስተሙ መልእክቱን በሰከንድ 15 ያህል ፊደላት በወረቀት ላይ ይጽፍበታል፣ ኦፕሬተሩም ትዕዛዙን በዚያው ኪቦርድ ይመልሳል። ሰሌዳውም መኪናውም በአንድነት ኮንሶል ይባሉ ነበር፤ ሁለቱ ግን የተለያየ ሥራ ነበራቸው። በሰሌዳው የሚናገሩት ከሃርድዌሩ ጋር ነው፤ በጽሕፈት መኪናው የሚናገሩት ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ጋር ነው። ይህ ክፍፍል ዛሬም አለ፤ የሰሌዳውን ሥራ አሁን የሚሠራው የሃርድዌር ማኔጅመንት ኮንሶል የሚባለው የተለየ ኮምፒውተር ነው።

ተርሚናሉ የመጣው በሌላ መንገድና ለሌላ ሰው ነው። የባንክ ጸሐፊው፣ የአየር መንገድ ትኬት ቆራጩ፣ ፕሮግራም ጸሐፊው ከኮምፒውተሩ ክፍል ርቀው ተቀምጠው አገልግሎት እንዲያገኙ የተዘረጋ መስመር ነው። ከሁሉም በላይ የሜይንፍሬሙን ዓለም የቀረጸው በ1971 የወጣው 3270 የሚባለው የተርሚናሎች ቤተሰብ ነው። የተለመደው ስክሪን 24 መስመርና በእያንዳንዱ መስመር 80 ፊደላት ነበረው፤ ተርሚናሎችን ከኮምፒውተሩ ጋር በሚያገናኝ አንድ ኮንትሮል ዩኒት ሥር እስከ 32 መሣሪያዎች ይገናኙ ነበር።

የ3270 አሠራር ብልሃት ያለበት ስለሆነ ትንሽ ቆም ብሎ ማየት ተገቢ ነው። ተጠቃሚው ሲጽፍ ፊደላቱ ወደ ኮምፒውተሩ አይሄዱም፤ ኮንትሮል ዩኒቱና ስክሪኑ ያዝ አድርገው ያቆዩዋቸዋል። ስክሪኑ በመስኮች የተከፋፈለ ነው፤ አንዳንዱ መስክ የተቆለፈና የማይነካ፣ ሌላው ለመጻፍ ክፍት ነው። ተጠቃሚው ቅጹን ሞልቶ ኤንተርን ወይም ከፕሮግራም ቁልፎቹ አንዱን እስኪጫን ድረስ ፕሮሰሰሩ ስለ እርሱ ምንም አያውቅም። ሲጫን የተለወጡት መስኮች ብቻ በአንድ ጊዜ ይላካሉ፤ ኪቦርዱም ይቆለፋል። ከስክሪኑ ግርጌ የኤክስ ምልክትና ትንሽ ሰዓት ይታያሉ፤ ትርጉሙ ሲስተሙ እስኪመልስ ጠብቅ ማለት ነው። አንድ ማሽን በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ማስተናገድ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል በተጻፈ ቁጥር ፕሮሰሰሩ ቢቋረጥ ኖሮ የዚያ ዘመን ማሽን ሌላ ሥራ ለመሥራት ጊዜ ባላገኘ ነበር። በ1969 የወጣው የግብይት ማስተናገጃው ሲአይሲኤስና በ1971 የመጣው፣ ፕሮግራመሮች በየተርሚናላቸው እንዲሠሩ የሚያደርገው ቲኤስኦ ይህን የመሰለውን ተጠቃሚ ለማስተናገድ የተሠሩ ናቸው።

እንግዲህ በተርሚናል ላይ ነገር የሚጀምረው ሰው ነው። ሰው ይጠይቃል፣ ማሽኑ ይመልሳል፣ ሰውም እስኪመለስለት ይጠብቃል። በኮንሶል ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ነገር የሚጀምረው ማሽኑ ነው፤ የሚጠብቀውም እርሱ ነው። ሲስተሙ ሲነሣ ከሚያወጣቸው መልእክቶች አንዱ አይኢኤ101ኤ ይባላል፤ የሲስተሙን መነሻ መለኪያዎች እንዲነግሩት ኦፕሬተሩን ይጠይቃል። ቁጥር 00 የያዘ ጥያቄ ነውና ኦፕሬተሩ ይህንኑ ቁጥር ጠቅሶ መልስ እስኪሰጥ ድረስ ብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣው ማሽን አንዲት እርምጃ አይራመድም። በኋላም እንዲሁ ነው፤ አንድ ሥራ የሚያስፈልገውን መሣሪያ ሲያጣ አይኢኤፍ238ዲ የሚለው ጥያቄ ይመጣል፤ ሌላ መሣሪያ ስጠኝ፣ ወይም ልጠብቅ፣ ወይም ሥራውን ልሰርዘው የሚል ምርጫ ያቀርባል። ውሳኔው የሰው ነው። መልእክቶቹ የሚያልቁበት ፊደል ራሱ ይህን ይናገራል፦ አይ ከሆነ ለመረጃ ብቻ ነው፣ ኤ ከሆነ አንድ ነገር ይደረግ ማለት ነው፣ ዲ ከሆነ ውሳኔ ይጠብቃል።

ሲስተሙ የሚያናግረው አንድ ሰውን ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ መልእክት ለየትኛው የሥራ ዘርፍ እንደሆነ የሚገልጽ የማዞሪያ ኮድ አለው። ኮድ 1 እርምጃ ለሚጠይቁ የዋና ኮንሶል መልእክቶች፣ 3 ለቴፕ ክፍል፣ 4 ለዲስክ፣ 9 ለደኅንነት፣ 11 ለፕሮግራመሩ መረጃ ነው። እያንዳንዱ ኮንሶል የትኞቹን ኮዶች እንደሚቀበል አስቀድሞ ይወሰናል። ስለዚህ በቴፕ ክፍሉ ያለው ስክሪን ላይ የሚወጣው የቴፕ ጉዳይ ብቻ ነበር፤ አይኢኤፍ233ኤ የሚለው መልእክት የመሣሪያውን ቁጥርና የቴፑን መለያ ጠቅሶ ጫንልኝ ይላል፤ ከፊቱ የኮከብ ምልክት አለው። ኦፕሬተሩ ከመደርደሪያው ቴፑን አውጥቶ መሣሪያው ላይ ያስገባዋል። ኪቦርድ ላይ ምንም መጻፍ አያስፈልግም፤ መሣሪያው ዝግጁ ሲሆን ሲስተሙ ራሱ ይሰማዋል፣ በቴፑ መጀመሪያ ላይ የተጻፈውን መለያ አንብቦ የጠየቀው መሆኑን ያረጋግጣል፣ ከዚያ መልእክቱን ከስክሪኑ ላይ ያነሣል። በእኔ ዕይታ ከኮንሶል ሥራ ሁሉ ውብ የሆነው ይህ ነው። መልስ የሚሰጠው በእጅ ሥራ ነው፣ ማሽኑም ሥራው መፈጸሙን አይቶ ያመሰገነ ያህል ጥያቄውን ይዘጋል።

በሌሊት ፈረቃ አብረውኝ ይሠሩ የነበሩ አንድ አረጋዊ ኢትዮጵያዊ ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። አንድ ሌሊት የሥራችን ፍሰት እየቀዘቀዘ ሄደ፤ በተርሚናሎቹ ላይ ኤንተር የተጫኑ ሰዎች ሰዓቷን ምልክት እያዩ ይደውሉልን ጀመር። ዋናው ኮንሶል ላይ አይኢኤ405ኢ የሚለው መልእክት ወጥቶ ነበር፤ የመልእክት ማጠራቀሚያው 80 በመቶ ሞልቷል ይላል። እኔ ፕሮሰሰሩ የተጨናነቀ መስሎኝ ነበርና «ጋሼ፣ ማሽኑ ሊሞት ነው እንዴ?» አልኳቸው። እሳቸው ተረጋግተው ወረፋ የተጠራቀመበትን ኮንሶል የሚያሳየውን ትዕዛዝ ጻፉ። የተረሳ አንድ ስክሪን ተገኘ፤ መልእክት በሰው እጅ ካልተሰረዘ በስተቀር አሮጌውን አላሳልፍም በሚል ሁኔታ ላይ ተደርጎ ማንም ሳይቀመጥበት ቀርቷል። ስክሪኑ ሞልቷል፣ ከኋላው የተሰለፉት መልእክቶች በሺ የሚቆጠሩ ሆነዋል። የተጠራቀመውን ወረፋ ወደ መዝገብ አዙረው ስክሪኑን ራሱ እንዲያሳልፍ ካደረጉት በኋላ «አየህ ልጄ፣ ማሽኑ አልሞተም፤ የሚሰማው ሰው አጥቶ ነው» አሉኝ። የተናገሩት ቴክኒካዊ እውነት ነው። በኤምቪኤስ የመልእክት ማጠራቀሚያው ሙሉ በሙሉ ሲሞላ አዲስ መልእክት መጻፍ የሚፈልግ ፕሮግራም ቦታ እስኪገኝ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ማንም ያላነበበው አንድ ስክሪን መላውን ሲስተም ሊያቆም ይችላል። ተርሚናል ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሊሆን አይችልም። አንድ የቲኤስኦ ተጠቃሚ ስክሪኑን ሳያይ ለሰዓታት ቢቀር የሚጎዳው የራሱ ሥራ ብቻ ነው።

ሁለቱን የሚለያቸው ሌላው ትልቅ ጉዳይ የሚገናኙበት መንገድ ነው። ተርሚናሎች ሁሉ፣ የቲኤስኦም ይሁኑ የሲአይሲኤስ፣ በ1974 የመጣው ቪታም በሚባል የኔትወርክ ሶፍትዌር በኩል ያልፋሉ። ቪታም የበር ጠባቂ ነው፤ ማን ከየትኛው ፕሮግራም ጋር እንደሚገናኝ የሚያስተናብረው እርሱ ነው። ቪታም ከወደቀ ስንት ሺ ተርሚናል ቢኖር ሁሉም በአንድ ጊዜ ይደነቁራሉ። ኮንሶሎች ግን ከቪታም ጋር ምንም ጉዳይ የላቸውም፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ራሱ ያለ አማላጅ ቻናል በሚባለው የማሽኑ ቀጥተኛ መስመር በኩል ያናግራቸዋል። የወደቀውን ቪታም እንደገና የሚያስነሣው ትዕዛዝ የሚሰጠውም ከኮንሶሉ ነው። ጠንቃቃ የሆነ ዳታ ሴንተር ሁለት ኮንሶሎችን በሁለት የተለያዩ ኮንትሮል ዩኒቶችና ቻናሎች ላይ የሚያገናኘው አንድ ብልሽት ሁለቱንም እንዳያጠፋቸው ነው። ዋናው ኮንሶል ቢበላሽ ደግሞ በማሽኑ ሰሌዳ ላይ ያለው የማቋረጫ ቁልፍ ተጭኖ የዋናነቱ ሥልጣን ወደ ተጠባባቂው እንዲዛወር ይደረግ ነበር።

በ1052 ዘመን ኮንሶሉ የሚጽፈው በወረቀት ላይ ስለነበረ የሲስተሙና የኦፕሬተሩ ንግግር ራሱ መዝገብ ነበር። ኮንሶሎች ወደ ስክሪን ሲለወጡ ይህ መዝገብ እንዳይጠፋ ሲባል የተላለፈው መልእክትና የተሰጠው ትዕዛዝ ሁሉ ከነሰዓቱ ሲስሎግ በሚባል መዝገብ ውስጥ እንዲጻፍ ተደረገ። በተርሚናል ላይ የሚታየው ነገር በዚህ መዝገብ አይገባም፤ የጸሐፊው ቅጽ የጸሐፊውና የፕሮግራሙ ጉዳይ ነው። የኮንሶሉ ንግግር ግን የሁሉም ነው፤ ጠዋት የሚመጣው ፈረቃ ሌሊት ምን እንደተደረገ የሚያውቀው ከዚያ ነው።

የሥልጣን ጉዳይም አለ። ተርሚናል ላይ የሚቀመጥ ሰው ስሙንና የይለፍ ቃሉን ይሰጣል፤ የሚፈቀድለት እንደ ማንነቱ ነው። ኮንሶል ላይ ግን ለረጅም ዘመን መግቢያ የሚባል ነገር አልነበረም። ሥልጣኑ የተሰጠው ለመሣሪያው ነበር፤ አንዱ ኮንሶል መረጃ ብቻ እንዲጠይቅ፣ ሌላው መሣሪያዎችን እንዲያዝ፣ ዋናው ሁሉን እንዲያደርግ ይመደብ ነበር። የይለፍ ቃሉ የተቆለፈው የማሽን ክፍል በር ነበር። ዛሬ በኮንሶል ላይም መግባት ግዴታ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል፤ ራክኤፍ የሚባለው የደኅንነት ሶፍትዌርም እያንዳንዱን ትዕዛዝ ማን እንደሰጠው አይቶ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። እኔ ይህን እደግፋለሁ፤ ሲስሎግ ላይ የመሣሪያ ስም ብቻ ሳይሆን የሰው ስም መታየቱ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ለክፉ ቀን አንድ ያለ መግቢያ የሚሠራ ኮንሶል ሊኖር እንደሚገባ አምናለሁ። የደኅንነት ሶፍትዌሩ ራሱ የታመመ ዕለት ሐኪሙ የሚገባበት በር ያስፈልጋልና።

መሣሪያው ሳይሆን የሥራ ድርሻው እንደሚወስን ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው በ1972 ይፋ የሆነው ቪኤም/370 ነው። በዚህ ሲስተም እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ የሆነ ምናባዊ ኮምፒውተር ይሰጠዋል፤ የራሱ ማኅደረ ትውስታ፣ የራሱ ዲስክ፣ የራሱ ፕሮሰሰር ያለው ይመስለዋል። ኮምፒውተር ካለ ደግሞ ኮንሶል ሊኖረው ግድ ነው። ስለዚህ ተጠቃሚው የተቀመጠበት ተርሚናል ለእርሱ ምናባዊ ማሽን ኮንሶል ሆኖ ይመዘገባል፤ ብዙ ጊዜ በ009 ቁጥር የተሰየመ 3215 ሆኖ ይታያል፤ 3215 ማለት የሲስተም/370 ዘመን የኮንሶል ጽሕፈት መሣሪያ ነው። ከቪኤም በኩል ሲታይ ያ ሰው ከብዙ ተርሚናሎች በአንዱ የተቀመጠ ተራ ተጠቃሚ ነው። ከምናባዊው ማሽን በኩል ሲታይ ግን ኦፕሬተር ነው፤ ማሽኑን ማስነሣት፣ ማቆም፣ ሌላ ኦፕሬቲንግ ሲስተም መጫን ይችላል። አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ስክሪን፣ አንድ ኬብል በአንድ ጊዜ ተርሚናልም ኮንሶልም ይሆናል። ይህን የተረዳ ሰው ስለ ልዩነቱ ሌላ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም። ዛሬ በሜይንፍሬም ላይ በሚሠራው ሊኑክስም የዚህ አሻራ ይታያል፤ በመስመር ብቻ የሚጽፈው ኮንሶሉ ላይ ሙሉ ስክሪን የሚፈልግ የጽሑፍ ማረሚያ አይሠራም፤ እዚያ ኮንሶል የተቀመጠው ሲስተሙን ለማስነሣትና ችግሩን ለመስማት እንጂ ለዕለት ሥራ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ድንበሩ ከውጭ ሲታይ እየደበዘዘ መጥቷል። ኤስዲኤስኤፍ በሚባለው ፕሮግራም አንድ የቲኤስኦ ተጠቃሚ ከተርሚናሉ ሳይነሣ ሲስሎጉን ያነባል፣ ፈቃድ ካለውም የኮንሶል ትዕዛዝ ይሰጣል። ይህ የሚሆነው ሶፍትዌሩ ለጊዜው «የተራዘመ ኮንሶል» የሚባል፣ የራሱ መሣሪያ የሌለው ኮንሶል ስለሚከፍትለት ነው። በቪታም በኩል የሚገናኝ የኮንሶል ዓይነትም መጥቷል፤ ነገር ግን ቪታም ከመነሣቱ በፊት ስለማይኖር ሲስተሙ ሲነሣ ሊያገለግል አይችልም። በሌላ በኩል አሁን የተለመደው አሠራር ኮንሶሉን በተራ ኮምፒውተር ላይ መስኮት አድርጎ በኔትወርክ ማገናኘት ነው፤ በማሽኑ ውስጥ ያለ ልዩ ካርድ ግንኙነቱን ተቀብሎ ለኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የሚያቀርበው በቻናል እንደተገናኘ የጥንቱ 3270 አስመስሎ ነው። ኮንሶሉ እየተለወጠ ሳለ ለሲስተሙ የተገባለት ቃል ኪዳን አልተለወጠም፦ በመካከላችን የሚወድቅ ሌላ ሶፍትዌር የለም የሚል ነው።

የሚያሳስበኝ ነገር ሥራውን አሁን የሚጀምሩ ወጣቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቁት ኤስዲኤስኤፍን ብቻ መሆኑ ነው። ሲስተሙ ደኅና በሆነበት ቀን ሁሉን ነገር ከዚያ ስለሚያደርጉት እውነተኛው ኮንሶል አላስፈላጊ ጌጥ ይመስላቸዋል። ኔትወርኩ ሲወድቅ፣ ቲኤስኦ ሲቆም፣ ሲስተሙ እንደገና ሲነሣ ግን የለመዱት መስኮት አይኖርም፤ በማያውቁት ስክሪን ላይ፣ ስልኩ እየጮኸ፣ የመልስ ቁጥር እየፈለጉ መማር ይጀምራሉ። ሥልጠና የሚሰጡ ሰዎች ቢያንስ አንድ ቀን ተማሪዎቹን ያለ ተርሚናል ሲስተሙን አስነሥተው እንዲዘጉ ቢያደርጉ ብዙ ጭንቀት ይቀንስ ነበር።

ይህን በቤት ለመሞከር ሜይንፍሬም መግዛት አያስፈልግም። ሮጀር ባውለር በ1999 ያወጣው ሄርኩለስ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም የሜይንፍሬሙን ሃርድዌር በላፕቶፕ ላይ ያስመስላል፤ ኤምቪኤስ 3.8 የሚባለው የጥንቱ ኦፕሬቲንግ ሲስተምም ሁሉም ሰው ሊጠቀምበት የሚችል ሆኖ ይገኛል። የ3270 መስኮት ከሚሰጡት ፕሮግራሞች በአንዱ ሁለት መስኮቶች ክፈቱ፤ አንዱን ለኮንሶል በተመደበው የመሣሪያ ቁጥር፣ ሌላውን ለተርሚናል በተመደበው ላይ አገናኙ። ሁለቱ መስኮቶች በመጠንም በቀለምም አንድ ናቸው። በተርሚናሉ ቲኤስኦ ግቡና ትንሽ ሥሩ። ከዚያ ከኮንሶሉ በኩል መጀመሪያ ቲኤስኦን፣ ቀጥሎ ኔት በሚል ስም የሚሠራውን ቪታምን ዝጉ። የመዘጋቱ መልእክቶች አንድ በአንድ በኮንሶሉ ላይ ሲያልፉ ታያላችሁ፤ በተርሚናሉ ላይ የፈለጋችሁትን ቁልፍ ብትጫኑ መልስ የሚሰጥ የለም። አሁን በኮንሶሉ ላይ የሚሠሩትን ሥራዎች ዝርዝር የሚጠይቀውን ትዕዛዝ ጻፉ። ዝርዝሩ ወዲያው ይመጣል፤ ቲኤስኦም ኔትም በውስጡ የሉም፣ የቀሩት ሥራዎች ግን እንደነበሩ ይሠራሉ። ኔትን መልሳችሁ አስነሡና የተርሚናሉ መግቢያ ገጽ እስኪመለስ ስንት መልእክት በኮንሶሉ ላይ እንደሚያልፍ ተከታትላችሁ አንብቡ።